ጆሮ ለሌለው ድልድይ ጡሩንባ ስለ መንፋት

ለክቡር ሚስተር ዴልማር ኪትሪጅ
የተንቀሳቃሽ ድልድዮች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ እንዲሁም ከፍ ካለ ቦታ ላይ ተሠርቶ ውሃ ደርሶበት ለማያውቀው መሥሪያ ቤትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኛም በባዩ ላሬ ወንዝ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች፣ የቀረነው ማለቴ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እኔ ቴዎጄን ጊድሮ እባላለሁ፤ በፖር ሴሌስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር ጠጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ በወንዛችን ላይ ያለው ተነሺ የባቡር ድልድይ በሰው መጠበቁ ቀርቶ፣ በሌላ ግዛት ከሚገኝ ክፍል በካሜራ እየታየ እንዲነሳና እንዲወርድ ያወጣውን የሙከራ ደንብ ቋሚ ለማድረግ ማሰቡን ገልጾ፣ ተጠቃሚዎች አስተያየታቸውን እንዲሰጡ በዚህ ጋዜጣ ላይ ጠይቋል። እኔም ተጠቃሚ፣ የአንድ ተጠቃሚ ወንድምም እንደ መሆኔ፣ በዚሁ ጋዜጣ ላይ መልስ ለመስጠት ደፍሬአለሁ። የወንድሜ ስም ቫልሲን ጊድሮ ነው። ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ በሪፖርትዎ ውስጥ “ተገቢውን ምልክት ያልሰጠ ጀልባ ነጂ” ተብሎ የተጠቀሰው እሱ ነው። ስሙን ሳይጽፉት የቀሩት ቦታ ጠቦዎት ከሆነ ብዬ እነሆ እኔ ጽፌልዎታለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ሚስ ዙልማ ባቲስትን ስላሰናበቱልን ላመስግንዎ። ሚስ ዙልማ በድልድዩ ጫፍ ባለችው ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ፣ ድልድዩን ስታነሳና ስትጥል ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት። ምላሷ ኮምጣጤ ነው። አንድም ጀልባ ሳትሰድብ አሳልፋ አታውቅም። ወንድሜ ከባሕር ያጠመደውን ሽሪምፕ ጭኖ ሲመለስ መስኮቷን ትከፍትና “ቫልሲን፣ ሽታህ ቀድሞህ ደረሰ እኮ! የጫንከው ሽሪምፕ ነው ወይስ የሞተ ጎረቤት?” ትለዋለች። እሱም “ቀቅለሽ ስትበዪው ታውቂዋለሽ፤ ይልቅ ያንን ዝገትሽን አንሺልኝ!” ይላታል። ከዚያ ባልዲዋን በገመድ ታወርዳለች፤ እሱ ይሞላላታል፤ ድልድዩም እያቃሰተ ይነሳል። ይህ ጉቦ ነው ቢሉኝ አልከራከርዎትም። ባልዲውን ባዶውን የሰደደው ሰው ግን ስድቡ ይብስበት እንደሆን እንጂ፣ ሳይከፈትለት የቀረበት ቀን አልነበረም። ጽሕፈት ቤትዎ ከዚህ ሁሉ ብልግና አላቅቆናል። ዛሬ ድልድዩ ላይ የሚሰድበን የለም። የሚያየንም የለም።

አንደኛ፤ ስለ ጡሩንባው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ካላወቁትም በራስዎ ጽሕፈት ቤት ደንብ ላይ እንደሚያነቡት፣ ድልድይ እንዲነሳለት የሚፈልግ ጀልባ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ጡሩንባ ይነፋል። ድልድዩ የሚነሳ ከሆነ ያንኑ መልሶ ይነፋል፤ የማይነሳ ከሆነ አምስት አጫጭር ይነፋል፤ ጀልባውም ባለበት ይቆማል። በእኛ መንደር ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ባል ሚስቱን ከጓሮ ሲጠራ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ያፏጫል፤ መምጣት ያላሰኛት ሚስት ድስቱን በማንኪያ አምስቴ ትመታለታለች፤ ነገሩም ያለ ጭቅጭቅ ያልቃል። የሙከራው ደንብ ይህን ሕግ አልሻረውም፤ እንዲያውም በደማቅ ቀለም አሳትሞታል። ድልድዩ ላይ ግን አራት ካሜራዎች ሲሰቀሉ አንድም የድምፅ መቀበያ አልተሰቀለም። ሕጉ ጀልባውን ንፋ ይላል፤ ድልድዩ ጆሮ የለውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ጭራሽ ጆሮ ሳይኖረው “አልሰማሁም” ብሎ ሰው የሚከስ ግን ከእናንተ ድልድይ በቀር አላጋጠመኝም።

ይህን ጉድለት ለጽሕፈት ቤትዎ ያመለከትኩት ከወንድሜ ሞት በፊት ነው። በፊት የምትለውን ቃል እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ። የመጣልኝ መልስ፣ የድምፅ መቀበያ ያልተገጠመው “የጀልባ ተሳፋሪዎችን የግል ንግግር ለመጠበቅ ሲባል” መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። ለገመናችን እንዲህ መጨነቅዎ አንጀቴን በላው። የትምህርት ቤታችን መዘምራን ሁለት የድምፅ መቀበያ ስላላቸው አንዱን ላውስዎ ብዬ በድጋሚ ጽፌ ነበር፤ ለዚያኛው መልስ ስላልደረሰኝ፣ በጨዋነትዎ ስጦታ መቀበል አፍረው ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ስልኩ። ድልድዩ ደንቆሮ መሆኑን የተረዳ ሰው ስልክ መደወል ይፈቀድለታል፤ ለማለፍ ካሰበበት ጊዜ ቢያንስ አራት ሰዓታት አስቀድሞ ከደወለ። መረቡ መቼ እንደሚሞላ፣ ሞተሩ መቼ እንደሚያስለው፣ ነፋሱ መቼ ፊቱን እንደሚያዞር አራት ሰዓታት አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነቢይ እንጂ ሽሪምፕ አጥማጅ አይሆንም ነበር። ዘግይቶ የደወለ ሰውም ቢሆን ስልኩ ይነሳለታል፤ በጣም ጨዋ የሆነ ወጣትም ያነጋግረዋል። ጥሪው ግን “የመክፈቻ ጥሪ” ተብሎ ሳይሆን “የመረጃ ጥያቄ” ተብሎ ይመዘገባል። ይህችን ልዩነት እባክዎ ልብ ይበሉልኝ፤ ቆየት ብሎ ሰው ይሞትባታል።

ሦስተኛ፤ ስለ ቡራኬው። በየዓመቱ የማጥመጃው ወራት ከመከፈቱ በፊት ጀልባዎቻችን በባንዲራና በወረቀት አበባ ተሸልመው ተሰልፈው በድልድዩ ያልፋሉ፤ አባ ሌጄም ከፊተኛው ጀልባ ላይ ሆነው ጠበል ይረጫሉ። አምና ሰው እንዳይወቅሰን ብለን እንደ ደንቡ አስቀድመን አሳወቅን። ለካስ ደንቡ አንድ ጥሪ ለአንድ ጀልባ ብቻ ነው የሚለው። አባ ሌጄን የያዘው ጀልባ አለፈ፤ ድልድዩም ከኋላቸው ወረደ። እሳቸው ብቻቸውን በላይኛው ወገን፣ ምእመኑ በሙሉ በታችኛው ወገን ሆንን። አባ ሌጄ ጥቂት ቆመው አሰቡና በድምፅ ማጉያው፣ “እንግዲህ በጎቹ እዚያ፣ እረኛው እዚህ ከሆነ ምን ላድርግ! የቆመውን ልባርክ፤ እሱም ቢሆን ንስሐ ሳያስፈልገው አይቀርም” ብለው ጠበሉን ድልድዩ ላይ ረጩት። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ወንድሜ ነበር። “አባ፣ አብዝተው ይርጩበት፤ ምናልባት ጆሮ ያበቅል ይሆናል!” ብሎ ሲጮህ ወንዙ ሁሉ ሳቀ። ያን ጊዜ ገና የሚያስቅ ነገር ነበር።

አራተኛ።

አምና የአውሎ ነፋሱ ወራት ሲገባ፣ ወደ ምሥራቅ ያልፋል የተባለው ነፋስ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ እኛ ዞረ። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አያቶቻችን ያስተማሩን ነው፦ በባሕረ ሰላጤው ላይ ያለ ጀልባ ሁሉ መረቡን ሰብስቦ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ድልድዩን ያልፋል፤ ከድልድዩ በላይ ዛፎቹ ጥቅጥቅ ያሉበት፣ ውሃው የሚታጠፍበት መሸሸጊያ ስላለ፣ ጀልባውን እዚያ በአራት ገመድ አስሮ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። በላይኛው መታጠፊያ ታስሮ የጠፋ ጀልባ ማንም አያስታውስም። ከድልድዩ በታች ቀርቶ የተረፈ ጀልባም እንዲሁ።

ባቡር ኩባንያውም የራሱ መሸሸጊያ ስላለው፣ ባዶ የነዳጅ ፉርጎዎቹን ወደ ከፍታው ለማሻገር ድልድዩ እንዲወርድለት ጠየቀ፤ ወረደለትም። መብቱ ነው። ፉርጎዎቹ በሙሉ በደኅና ተሻግረዋል፤ አንዱም ጉንፋን እንኳ አልያዘውም። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ድልድዩ መልሶ አልተነሳም። ነፋሱ ሲበረታ ድልድዩ ወርዶ እንዲቆለፍ የሙከራው ደንብ ያዛልና፣ ነፋሱ ገና ሳይበረታ “ለጥንቃቄ” ተብሎ ተቆለፈ። ከባቡሩ በፊት የደረሱት ጀልባዎች አልፈው ነበር። ከሁሉ ርቆ ሲያጠምድ የዋለው ቫልሲን፣ ኩዊ ላም ከሚባለው ረዳቱ ጋር፣ የመጨረሻው ሆኖ ደረሰ።

ጡሩንባውን የሰማሁት የተፈናቀሉ ሰዎች በሚጠለሉበት በትምህርት ቤታችን ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ፍራሽ ሳነጥፍ ነው። ወንድሜ ያንን ጡሩንባ ከተሰባበረ ጎታች መርከብ ላይ ነቅሎ ያመጣው ስለሆነ ድምፁ እንደ ተቆጣ በሬ ነው፤ ከሌላ ጋር አይምታታም። አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ትንሽ ቆየና እንደገና አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጁን አቁሞ መልሱን ይጠብቅ ጀመር። አንዲት አሮጊት “ምነው ዝም አሉት?” አለች። ያን ጊዜ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ።

ድልድዩ ዘንድ ስደርስ ሚስ ዙልማ ቀድማኝ የጎጆዋን በር በመቅዘፊያ ትደበድባለች። የድሮ ቁልፏን ይዛ መጥታለች፤ ቁልፉ ግን ተቀይሯል። ወደ ካሜራው ቀና ብላ የተናገረችው አብዛኛው ለጋዜጣ የሚሆን አይደለም፤ የሚሆነው ይህ ነው፦ “አንተ ባለ አራት ዓይን ዕውር! ሰው እኮ ነው! ታች ያለው ሰው ነው!” ካሜራው በትህትና አያት። እንዳላያትም በኋላ ከሪፖርትዎ ተረዳሁ፤ መስታወቱን ዝናብ ሸፍኖት ነበር።

ወንድሜ በዚያን ሰዓት ከጀልባው ላይ ስልክ እያነጋገረ ነበር። ኩዊ አጠገቡ ስለነበር የተባባሉትን ቃል በቃል ነግሮኛል። ወጣቱ “ጌታዬ፣ በካሜራው ላይ ምንም ጀልባ አይታየኝም” አለው። ወንድሜ “የኔ ልጅ፣ ካሜራውን ተወውና በመስኮት ወደ ውጭ እይ!” አለ። ወጣቱ “እዚህ መስኮት የለም፣ ጌታዬ” አለው። “ለመሆኑ እናንተ ዘንድ ይዘንባል?” ሲለው፣ “ጠዋት ስገባ ፀሐይ ነበር” ብሎ መለሰለት። ወንድሜም “በል አለቃህን ጥራልኝ፤ አለዚያ ዋኝቼ እመጣልሃለሁ!” አለው። ወጣቱ አለቃውን ሊጠራ ሄደ። ሙዚቃ ተከፈተ። ኩዊ እንደሚለው የፒያኖ ነው፤ ደስ የሚል ሙዚቃ ነው። ሙዚቃው ሳያልቅ መስመሩ ተቋረጠ።

የባሕሩ ሙላት ከኋላቸው መጣ። ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ወንዙ ወደ ላይ ይገፋቸዋል፤ ወደ ፊት እንዳይሄዱ ብረቱ ተጋድሟል። ጀልባውን ከድልድዩ የእንጨት ድጋፍ ጋር ሊያስሩት ሞከሩ። እኔና ሚስ ዙልማ ገመድ ወረወርን፤ ኩዊ ዘሎ ያዘው፤ ጎትተን አወጣነው። ወንድሜን “ጋሼ፣ ተወው! ጀልባውን ተወው!” እያልኩ ጠራሁት። እጁን ወደ እኔ አወዛወዘ፤ መጣሁ ማለቱ ይሁን ሂድ ማለቱ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ውሃው ጀልባውን አንስቶ ከድልድዩ ሆድ ሥር ከተተው። ከዚህ በላይ በጋዜጣ አልጽፍም።

አምስተኛ፤ ስለ ሪፖርትዎ። ጽሕፈት ቤትዎ ነገሩን መርምሮ የደረሰበትን መደምደሚያ እንደ መምህር ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንደ መምህርም ዜሮ ልሰጠው ብዕሬን አንስቼ ነበር። እንዲህ ይላል፦ ተገቢው ምልክት ጡሩንባ ነው፤ በመቆጣጠሪያው ክፍል የተመዘገበ የጡሩንባ ድምፅ የለም፤ የስልኩ ጥሪ ከአራት ሰዓታት አስቀድሞ ያልተደረገ በመሆኑ የመረጃ ጥያቄ እንጂ የመክፈቻ ጥሪ አይደለም፤ ስለዚህ ጀልባ ነጂው ምልክት አልሰጠም። ድምፅ በማይመዘግብ ክፍል ውስጥ ድምፅ አለመመዝገቡን ለማረጋገጥ ስንት ባለሙያ እንደ ደከመ ሳስበው አዝናለሁ። በዚህ ቢያበቃ እንኳ አንድ ነገር ነበር። ከአንድ ገጽ በኋላ ደግሞ፣ በሙከራው ዘመን መልስ ያላገኘ አንድም የመክፈቻ ጥሪ ስላልነበረ ደንቡ የተሳካ መሆኑ መረጋገጡን፣ ስለዚህም ቋሚ እንዲሆን መታሰቡን ይገልጻል። ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ በሕሙማኑ መካከል ሲዞር ውሎ፣ “ዛሬ የሚያቃስት አላጋጠመኝም፤ ሁሉም ድኗል” ብሎ የጻፈ ሐኪም ቢኖር፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሳይሾመው አይቀርም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ቅሬታዬን እስከ ዐሥር ለማድረስ አስቤ ተነሥቼ ነበር። አሁን ግን ቁጥሩ ሰለቸኝ። ካሳ አልጠይቅም፤ የወንድሜ ልጅ ኦዳሊም አልጠየቀችም። ኦዳሊ ጀልባ ገዝታ፣ ኩዊን ረዳቷ አድርጋ፣ በመጪው ወር ወደ ባሕረ ሰላጤው ትወጣለች። አትውጪ ብያት ነበር፤ “አጎቴ፣ እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ?” አለችኝ። የአውሎ ነፋሱ ወራት ሲገባ ከድልድይዎ በታች የምትሆነው እሷ ናት። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእሷ ነው፤ የሞተውማ ሞቷል።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ድልድዩ ቀን ከሌት ተነሥቶ እንዲቆይና ባቡር ሲመጣ ብቻ እንዲወርድ፣ በአውሎ ነፋሱም ወራት ጎጆው ውስጥ ዓይንም ጆሮም ያለው ሰው እንዲቀመጥ ነው። ባቡሩ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ነው የሚያልፈው፤ መቼ እንደሚመጣ ኩባንያው ያውቀዋል፤ ከሐዲዱም ወጥቶ አይሄድም። ከሁለቱ መንገደኞች አንዱ ሰዓቱን የሚያውቅ፣ ሌላው ነፋስ የሚያባርረው ከሆነ፣ ማን ማንን ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ የፊዚክስ ዲግሪ አይጠይቅም። ይህ ዓይነት ደንብ በሌሎች ወንዞች ላይ እንደሚሠራበትም አንብቤአለሁ፤ እኛን ተአምር እንደጠየቅን አድርገው አይመልከቱን።

ሁለተኛው፣ ከሪፖርቱ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንድትሰረዝ ነው። ወንድሜ ምልክት ሰጥቷል። ደጋግሞ ሰጥቷል። በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ ሰምቶታል፤ ሚስ ዙልማ ሰምታዋለች፤ ውሾች እንኳ መልሰው ጮኸውለታል። ያልሰማው ድልድዩ ነው። የሞተን ሰው ጥፋተኛ ማድረግ ቀላል መሆኑን አውቃለሁ፤ ተነሥቶ አይከራከርም። እኔ ግን ቆሜአለሁ፤ ሥራዬም ተሳስተው እርግጠኛ የሆኑ ሰዎችን ማረም ነው፤ ሲበዛም ታጋሽ ነኝ።

ክቡርነትዎ በማይናወጥ ወንበርዎ ላይ ለብዙ ዘመን እንዲቀመጡ፣ በችግርዎ ቀን የሚደውሉለት ሰው ፒያኖ ሳይከፍት እንዲያነሣልዎ፣ የሚያንኳኩት በርም ከውስጥ ሰው እንዲኖርበት ከልብ እየተመኘሁ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች፣ ለአራቱም ካሜራዎችዎ፣ በደኅና ለተሻገሩትም ባዶ ፉርጎዎች የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ ድምፁ ግን ያልተመዘገበ፣

ቴዎጄን ጊድሮ
ፖር ሴሌስት፣ ሉዊዚያና

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት ድልድዩ ድንገት ብድግ ብሎ ቆመ። ባቡርም ጀልባም አልነበረም። ቀኑን ሙሉ በግርማ ተነሥቶ ሲውል ከሥሩ ያለፈው ፔሊካን የሚሉት የባሕር ወፍ ብቻ ነበር። ሄጄ ብጠይቅ፣ እዚያ ያገኘሁት ፎቶ አንሺ፣ ባቡር ኩባንያው ለቀን መቁጠሪያው ሥዕል የሚሆን ፎቶ እንዲነሣለት መፈለጉን፣ እሱም ጠዋት ደውሎ ወዲያው እንደተከፈተለት በደስታ አጫወተኝ። እንግዲህ ድልድይዎ መነሣት እንደሚችል፣ ስልክዎም ዘግይቶ ለደወለ ሰው እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁና አመሰግናለሁ። ለፎቶ አንሺው የተከፈተው ለወንድሜ ተከፍቶለት ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ እሱ ነበር። እሱ ደግሞ እንደ እኔ ጨዋ አልነበረም።